የአበባ ማስቀመጫዋና ድሪሉ

ዛሬ ጓደኛዬ ያደሳት ቮልስዋገን ዙሪያ ስንሽከረከር ዋልን። እ.ኤ.አ. የ1956 ስሪት ናት፤ ያቺ የኋላ መስታወቷ ሞላላ የሆነችው።

ልቡ ግን ያለው ጌጡ ላይ ነው። ፖርቶ መጋላ፣ ባለ 6 ቮልት ሬዲዮ፣ ዳሽቦርድ ላይ የምትሰካ ትንሽ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ። ሁሉም የዘመኑ እቃ ነው። ለማግኘት ስንት ወር ፈጅቶበታል!

«ስሸጣት ያወጣሁትን ይመልስልኛል?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። ብዙ ጊዜ አይመልስም። ዋጋዋን የሚወስነው ቦዲዋ፣ ሞተሯና የሻንሲ ቁጥሯ ነው። ዝገት በቀለም ከተሸፈነ የአበባ ማስቀመጫ ምን ያደርጋል? ሬዲዮው ከፋብሪካ አብሯት እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ጥሩ ጌጥ ገዢን ይስባል፣ ቶሎም ያሸጣል። ዋጋ ላይ የሚጨምረው ግን ትንሽ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ድሪሉ ነው። ለአንቴና ብሎ ፓራፋንጎዋን ሊበሳ ሲል እጁን ያዝኩት። ፖርቶ መጋላ ነገ ተፈትቶ ይወርዳል፣ ለብቻውም ይሸጣል። ቀዳዳ ግን ብየዳና አዲስ ቀለም ይፈልጋል። ያልተነካ ቆርቆሮ ደግሞ አንዴ ከተነካ አለቀ።

ድሪሉን አስቀመጠው። ከዚያ ማስቀመጫዋ ውስጥ አንዲት ቢጫ አበባ ሰካ። እንዴት እንዳማረባት!