ቸብ ቸብ መስሎኝ

ዲሲ አካባቢ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ እኛ ኒኩ የምንለው ጋ፣ የሌሊት ነርስ ነኝ። ይቺን ገጠመኝ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ሁሉ አወራላቸዋለሁ። ብታሳጣኝም።

ሕፃኗ ታፍና ነው የተወለደችው። አንጎል እንዳይጎዳ ሰውነትን ማቀዝቀዝ በተወለዱ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጥቅሙ ስለሚቀንስ ቶሎ ብለን ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ፍራሽ ላይ አስተኛናትና ሙቀቷን ወደ 33.5 ዲግሪ አወረድነው። እንዲያ ሆና 72 ሰዓት ትቆያለች። ጭንቅላቷ ላይ የኢኢጂ፣ ማለት የአንጎልን ሞገድ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ማሽን፣ ሽቦ ተለጥፏል፤ የተጎዳ አንጎል ሲዠር (ድንገተኛ የአንጎል የኤሌክትሪክ መናወጥ) ያመጣል፣ የጨቅላ ሲዠር ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። እጅ እግሯ ሳይንቀሳቀስ ስክሪኑ ላይ ብቻ ይወጣል።

እናቷ ያገሬ ልጅ ናት። ማቀፍ ስላልተፈቀደላት አልጋው ጎን ቆማ የልጇን ደረት ቸብ ቸብ እያደረገች እሹሩሩ ትላታለች። ታዲያ በቸበቸበች ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ሞገድ ይመጣል። ቁርጥ ሲዠር! መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ሮጥኩ፤ እጇን ስታነሳ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም "እማዬ ናት" ብለን ማለፍ ለመድን።

በመጨረሻው ሌሊት፣ በሐበሻ አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ፣ ማሞቅ ጀመርን። በሰዓት ግማሽ ዲግሪ። ሦስቱንም ቀን አንድ ሲዠር አልታየባትም፣ እፎይ ብለናል። 9 ሰዓት ገደማ 35 ስትደርስ የመጋዝ ጥርሱ መጣ። መድኃኒት ጋሪው ጋ ሆኜ አየሁትና "እማዬ ናት" ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። የልብ ምቷ ከ95 ወደ 130 ወጥቷል። እሱንም "ሲሞቁ ይጨምራል" አልኩ። እውነት ነው ይጨምራል፤ ግን ቀስ እያለ እንጂ እንዲህ ዘሎ አይደለም።

ዞር ስል እናቲቱ ወንበሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች። ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

ሕፃኗን አየኋት፤ ንቅንቅ አትልም። ዶክተሯን ጠራሁ። ማሞቁን ባለበት አቆምነው፤ ሲዠር የሚያቆመው ፌኖባርቢታል በኪሎ 20 ሚሊግራም ታዘዘ፣ 3 ኪሎ ስለነበረች 60 ሰጠናት። ሞገዱ ቆመ። ቅጂውን ወደ ኋላ መልሰን ስናይ፣ እኔ ጋሪው ጋ ቆሜ ሲሪንጅ ስቆጥር 4 ደቂቃ አልፏል።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። "ሲሞቁ ሲዠር ሊመጣ እንደሚችል ታውቂያለሽ አይደል?" ብቻ አለችኝ። አውቃለሁ። ፈተና ላይ ሁሉ መልሼዋለሁ! ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሕፃን በተነካ ቁጥር ማሽኑ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እናቶችንም "እጅሽን ዝም ብለሽ አሳርፊባት" እላቸዋለሁ። የዚያችኛዋ ሽቦ አንድ ቀን ተጨምሮለት ሲነሳ፣ እናቷ ልጇን ታቅፋ ቀና ብላ አየችኝና "እህቴ፣ አሁንስ ቸብ ቸብ ላድርጋት?" አለችኝ።