ለገና ማታ ምን እንይ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። አርባ ሦስቱን ቀን ጾማችሁ ለፈሰካችሁ፣ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ላነጋችሁ፣ የጎረቤቶቻችሁን በዓል አብራችሁ ለምታደምቁም ሁሉ መልካም ገና። ዘንድሮ የዋለው ረቡዕ ነው። ገና ረቡዕም ቢውል ይፈሰካልና ዶሮው ሐሙስን አይጠብቅም።

ዶሮው ተበልቶ ቡናው በረካ ሲደርስ ቴሌቪዥን መከፈቱ አይቀርም። ዓመቱን ሙሉ ፊልም የምናየው በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አሥር አሥር ደቂቃ እየቆራረጥን ነው። ቤተሰብ አንድ ክፍል ተሰብስቦ ሁለት ሰዓት የሚቀመጠው በበዓል ብቻ ነው። ለዚህ ማታ የመረጥኳቸው ሲቆራረጡ ነፍሳቸው የሚወጣውን ሥራዎች ነው።

ከሁሉ በፊት በ2025 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው የእንግሊዞች ድራማ፣ «አዶለሰንስ»። የ13 ዓመት ልጅ የክፍል ጓደኛውን ገድለሃል ተብሎ ከአልጋው ላይ ይያዛል። ክፍሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴ ከተከፈተ እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ ተደብቆ የተቀጠለ ቦታም የለም። አሠራሩን ማወቅ አተያያችንን ይለውጠዋል። ለአንድ ክፍል ሦስት ሳምንት ይያዛል። በመጀመሪያው ተዋናዮቹ ይለማመዳሉ፣ በሁለተኛው ካሜራውና ባለሙያዎቹ ይቀላቀላሉ፣ በሦስተኛው ቀረጻ ይሆናል፤ ጠዋት አንድ ሙከራ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ። አንድ ሰው በ50ኛው ደቂቃ ላይ ከተሳሳተ ሰዓቱ በሙሉ ከዜሮ ይጀመራል። በመጀመሪያው ክፍል የምናየው 2ኛው ሙከራ ሲሆን በሁለተኛው 13ኛው፣ በሦስተኛው 11ኛው፣ በአራተኛው ደግሞ 16ኛው ነው። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ካሜራው ሳይጠፋ ድሮን ላይ ይታሰራል፣ ከተማውን በአየር ያቋርጣል፣ ወርዶ እንደገና በሰው እጅ ይያዛል።

ብዙ ሰው የሚያደንቀው ያንን በረራ ነው። ለእኔ ግን ሁለተኛው ክፍል ከአራቱ ደካማው ነው። ካሜራው ከአንዱ የመማሪያ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ የሚከተለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ መርማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር እየተመላለሱ ተመልካች ማወቅ ያለበትን ነገር ለእርስ በርሳቸው ያስረዳሉ። ሦስተኛው ክፍል የተለየ ነው። አንድ ጠባብ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ አንድ ኩባያ ትኩስ ቸኮሌት፣ ግማሽ ሳንድዊች። ካሜራው በዝግታ ሲዞራቸው መኖሩን እንረሳዋለን። ልጁን ሆኖ የሚተውነው ኦወን ኩፐር መሃል ላይ የሚያዛጋው በጽሑፉ ውስጥ ስለነበረ አይደለም፤ የምር አዛግቶ ነው። ባለሙያዋን የምትተውነው ኤሪን ዶኸርቲም ከገጸ ባሕሪዋ ሳትወጣ «አሰለቸሁህ?» ብላ ጠየቀችው፣ እንዳለም ተተወ። እየተቆረጠ የሚቀረጽ ድራማ ቢሆን ያ ማዛጋት በስሕተትነት ይጣል ነበር። ልጁ ይህንን ሲሠራ የመጀመሪያው የካሜራ ሥራው ነበር፤ በ15 ዓመቱም ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመ።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት። ከ14 ዓመት በላይ ልጅ ያላችሁ ግን አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩት፤ ሲያልቅም ለመጠየቅ አትቸኩሉ። እንግሊዝኛ ለማይከተሉ እናትና አባት ወሬው እየተካሄደ በጆሮ ማንሾካሾክ ሁለቱንም ያሳጣል። እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሩ በፊት በሁለት ደቂቃ ንገሯቸው፦ አንደኛው የተያዘበት ጠዋት፣ ሁለተኛው ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ፣ ሦስተኛው ከሰባት ወር በኋላ፣ አራተኛው ከ13 ወር በኋላ የአባትየው ልደት። የቀረውን ፊታቸው ይናገራል።

አሁን ስለ ቴሌቪዥኑ፤ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። አብዛኞቹ ፊልሞች በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻሉ። አዲስ ቴሌቪዥን ደግሞ ከሳጥኑ ሲወጣ በመካከላቸው የራሱን ምስል እየፈጠረ እንዲሰካ ተደርጎ ይመጣል። ያኔ ፊልሙ የቀጥታ ስርጭት ይመስላል፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ፊቱ ዙሪያ ይንቀጠቀጣል። ለኳስ ይመች ይሆናል፣ ለፊልም ግን ዝጉት። ከፒክቸር ሴቲንግ ውስጥ ሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ካለው እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ምስሉ ጨለም፣ ቢጫ ቢጫ ያለ ይመስላል፤ አሥር ደቂቃ ስጡት፣ ዓይን ይለምደዋል። የገና ዛፉ መብራት ስክሪኑ ላይ የሚንጸባረቅ ከሆነም ዛፉን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉት።

ንግግሩ አልሰማ ብሎ ሙዚቃው ግን ቤቱን የሚያናውጠው ፊልሙ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ባስ ስለተቀመረ ነው። ንግግሩ የተመደበው ለመካከለኛው ስፒከር ነው፤ የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ወደ ታች የዞሩ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ብቻ አሉት። ከድምፅ ምርጫው «5.1» የሚለውን ወደ ስቴሪዮ ቀይሩ፣ «ናይት ሞድ» ካለ አብሩ። የቡና ሙቀጫ እየተወቀጠ ደግሞ ምንም ማስተካከያ አያድንም፤ ቡናው ይቅደም።

ኔትወርኩስ? ኔትፍሊክስ በጥሩ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ አራቱ ክፍሎች እስከ 12 ጊጋ ማለት ነው። በበዓል ማታ ሁሉም ሰው ስለሚጠቀም መስመሩ ይጨናነቃል፣ ምስሉም መሃል ላይ ይቆማል። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ጥራቱን «ሚዲየም» ላይ ብትቆልፉት በሰዓት 0.7 ጊጋ ገደማ ይወርዳል። ያልጠራ ግን የማይቆም ምስል፣ ጠርቶ በየአምስት ደቂቃው ከሚሽከረከር ይሻላል። ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚከፍተውንም አጥፉት፤ ስሞቹ ሲያልፉ ያለው ዝምታ የሥራው አካል ነው።

ከባድ ነገር ለበዓል አልፈልግም የሚል «ፐርፌክት ዴይስ»ን ይክፈት። ቪም ቬንደርስ በ2023 ቶኪዮ ላይ የሠራው፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ስለሚያጸዳ ሰው የሚተርክ ፊልም ነው፤ ሰውዬውን የሚተውነው ኮጂ ያኩሾ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይ የተባለበት። ሰውዬው ይነሣል፣ አልጋውን ያጥፋል፣ ተክሎቹን ውኃ ያጠጣል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ሲታያችሁ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ በጠባቡ በ4 ለ 3 ቅርጽ ነው የተቀረጸው። ሪሞቱን አንሥታችሁ «ዙም» ካላችሁት የሰውዬውን አናትና እሱ ቀና ብሎ የሚያያቸውን የዛፍ ጫፎች ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ።

ከአገራችን ፊልሞች ለልጆች የሚሆነው የያሬድ ዘለቀ የ2015 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው፤ በውጭ «ላምብ» በሚል ይታወቃል። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት ሲሄድ የቀረው ወዳጁ በጉ ብቻ ነው፤ አጎትየው ደግሞ በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ግቢው ውስጥ የታሰረ በግ ካለ ፊልሙን ከመታረዱ በፊት አታሳዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ የሚችለው የለም። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ግን በሐረር ዙሪያ ጫትንና ሰዎቹን እየተከተለ አሥር ዓመት የፈጀ፣ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ለደከመ ሰው አይሆንምና ለሌላ ማታ አቆዩት።

ለድራማ ሠሪዎቻችን አንድ የበዓል ልመና አለኝ፦ ሙዚቃውን ቀንሱልን። እናት ልጇን አይታ ዝም ስትል ክራሩና ቫዮሊኑ ሮጠው ባይገቡ እኛም እንደርስበታለን። ተዋናዮቻችን ዝም ማለት ይችላሉ፤ ስንት ጊዜ ዓይናቸው የተናገረውን የጀርባው ሙዚቃ ሸፍኖታል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ አታባንኑት። «አዶለሰንስ»ን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ጀምሩ፣ ሁለት ክፍል እዩ፣ የቀሩትን ሐሙስ ማታ። ታኅሣሥ 29 የሥራ ቀን የሆነባችሁ የውጭ ወዳጆቼ በዓሉን ወደ ቅዳሜ የምታዞሩት እናንተ ደግሞ አራቱንም በአንድ ማታ ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ከሦስተኛው በኋላ ተነሥታችሁ ሻይ አፍሉ። መልካም ገና!