የፍጥነቱ ካሬ አሉታዊ ሲወጣ

ክባዊ እንቅስቃሴንና ኤሌክትሮስታቲክ ኃይልን (ቻርጆች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን ወይም የሚገፋፉበትን) ያዳበሉ ጥያቄዎች ላይ ከከረምኩ በኋላ የሃይድሮጅን አቶም ጥያቄ ቀሎልኛል። በቦር ሞዴል ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ 5.29 × 10⁻¹¹ ሜትር ርቆ ይዞራል፤ የሚስበው ይኸው የቻርጆች ኃይል (የኩሎምብ ኃይል) ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.19 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ።

አላላውስ ያለኝ በክር የታሰረችው ኳስ ጥያቄ ነው። 10 ግራም የምትመዝን ኳስ በ50 ሴንቲሜትር ክር ታስራ ወደ ላይና ወደ ታች እየዞረች ክብ ትሠራለች። በኳሷም በክቡ ማዕከልም ላይ አንድ ዓይነት ቻርጅ አለ። ክሩ ሳይላላ አናቱን ለማለፍ ቢያንስ ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋታል?

ሁለቱም ቻርጆች 1 ማይክሮኩሎምብ ሲሆኑ መገፋፋቱ 0.036 ኒውተን ነው። አናቱ ላይ የኳሷ ክብደት (የስበት ፍጥንጥነትን 10 ብለን 0.1 ኒውተን) ወደ ማዕከሉ ይስባል፤ ቻርጁ ወደ ውጭ ይገፋል። የክሩን ውጥረት ዜሮ ስናደርግ የፍጥነቱ ካሬ 3.2፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.79 ሜትር ይሆናል። ቻርጅ ባይኖር 2.24 ነበር።

ሁለቱንም ቻርጆች ወደ 2 ማይክሮኩሎምብ ሳሳድግ ግን የፍጥነቱ ካሬ አሉታዊ 2.2 ወጣ። ስሌቱን ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ እንከን የለውም። እንከኑ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው፦ መገፋፋቱ አሁን 0.144 ኒውተን ስለደረሰ ከክብደቷ ይበልጣል። ኳሷ አናቱ ላይ ለቅጽበት ብትቆም እንኳ ክሩ በ0.044 ኒውተን እንደተወጠረ ነው፤ ውጥረቱ ዜሮ የሚሆንበት ፍጥነት ጨርሶ የለም። ስለዚህ የሚቀረው አናቱ ድረስ የሚያደርስ ኢነርጂ ብቻ ነው። ከማዕከሉ ያላት ርቀት ስለማይለወጥ የኤሌክትሪኩ ኃይል ሥራ አይሠራም፤ ከታች በሰከንድ ከ4.47 ሜትር ጥቂት ብልጫ ባለው ፍጥነት ብትነሳ ትዞራለች። በመጀመሪያው ጉዳይ 4.82 ያስፈልጋት ነበር።

ከዚህ በኋላ ከታች የሚያስፈልገው ፍጥነት ካሬ «አምስት ጊዜ ጂ (የስበት ፍጥንጥነት) ጊዜ የክሩ ርዝመት» ነው የሚለውን ቀመር በሽምደዳ የሚያስጠኑትን አልሰማም። ቀመሩ ውጥረቱ ዜሮ የሚሆንበት ፍጥነት እንዳለ አስቀድሞ ወስኖ ይጀምራል፤ ያንን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ሴንትሪፔታል ኃይልን (ኳሷን በክብ የሚያዞረውን ወደ ማዕከሉ ያቀና ኃይል) እንደ ተጨማሪ ቀስት ሥዕሉ ላይ መሳልም ይቅር፤ የሌሎቹ ድምር እንጂ ራሱን የቻለ ኃይል አይደለም። የቻርጁን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ኩሎምብ ቀመር ውስጥ አታስገቡ፤ አቅጣጫውን ከሥዕሉ ውሰዱ። ሥዕሉን በንጽሕና ሳሉ ብዬ ግን አልመክርም፤ የእኔው ራሱ የሚነበብ አይደለም።

አሁን የያዝኩት የማዕከሉ ቻርጅ ከክቡ ግርጌ በታች የወረደበትን ነው። ርቀቱ በየነጥቡ ስለሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል ኢነርጂም ስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ክሩ መጀመሪያ የሚላላው አናቱ ላይ መሆኑም እርግጠኛ አይደለም። ውጥረቱን በማዕዘን ጽፌ ትንሹን ዋጋ እየፈለግሁ ነው።