አቧራ አልነበረም

ቅዳሜ ማታ፣ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤም የፍሬን ጥቁረት ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ያለቀች የፍሬን ሸራ አስቀምጫለሁ፤ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ እየጨመቀች መኪና የምታቆመው ናት። መጣል አልሆነልኝም።

ነገሩ ያለፈው እሑድ ነው። የአጎቴን ተዝካር አውጥተን በሃይሉክስ ፒክአፓችን ከደብረ ታቦር ስንመለስ አክስቴ ጋቢና አጠገቤ ነበሩ። ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ወንበር፣ ጭነቱ ላይ ደግሞ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቶቹና አምስት ጎረምሶች። ደብረ ታቦር ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ወረታ ሲደረስ 1,800 ገደማ። ያ ሁሉ ቁልቁለት 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ያልቃል። ያን ሁሉ ሸክም የሚይዘው ደግሞ ፍሬኑ ነው።

ዓለም በር ሳንደርስ አክስቴ «አንተ ልጅ፣ መኪናህ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አሉኝ።

«አቧራ ነው እቴቴ» አልኳቸው።

ሲጢጥታውን እኔም ከሰማሁት ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። አንዳንድ ሸራ ላይ ቀጭን ብረት አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ለዚሁ ተብላ የተሠራች ናት። ይህን አውቃለሁ። ግን ከመነሳታችን በፊት በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቄ አይቼ ነበር። የውጪው ሸራ ገና ግማሽ ያህል ነበረው። በዚያ ተማመንኩ።

ሐሙሲትን እንዳለፍን ሲጢጥታው ቆመ። ፔዳሉን ስረግጥ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የሚያንገራግር፣ ወፍጮ እህል አልቆበት ባዶውን ሲዞር ያለው ዓይነት። ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው። ደነገጥኩ። ደግነቱ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሜዳ ነው። ማርሽ እየቀነስኩ፣ ፊት ለፊቴ ካለው መኪና ርቄ፣ በቀስታ ባሕር ዳር ገባን። ጎረምሶቹ ከኋላ እየዘፈኑ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ ፈታናት። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈን፣ በክሪክ አንስተን፣ ከሥሯ ግንድ አስገባን። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጄን አላስገባም። የእኛ ሃይሉክስ የፊት ካሊፐር፣ ሸራዎቹን የሚይዘው ብረት፣ ሸራዎቹን ወደ ዲስኩ የሚገፉ አራት ፒስተኖች አሉት፤ ሁለት ከውጪ፣ ሁለት ከውስጥ። ፒኖቹ ሲወጡ ሸራዎቹ ተስበው ይወጣሉ።

በቀኝ በኩል የውስጠኛው ሸራ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። የቀሩት ሦስቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበራቸው። አንድ የውስጥ ፒስተን አቧራ መከላከያው ተቀዶ፣ ውሃና ጭቃ ገብቶበት ዝጓል። ፔዳሉን ስለቅ አይመለስም። ሸራዋ መንገዱን ሙሉ ዲስኩን እየታከከች ነው የሄደችው። በቸርኬው ቀዳዳ የሚታየው የውጪው ነው። የታመመችው ከጀርባው ነበረች።

ዲስኩም ጥፍር የሚይዝ ቦይ አውጥቷል። እሱን ለማውረድ ካሊፐሩን ፈትተን በሽቦ አሰርነው፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል። ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ተልጦ ሲለካ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በላይ ሆኖ ተገኘ። ባይሆን ኖሮ አዲስ ከመግዛት ሌላ መንገድ አልነበረም። ፒስተኑንና ጎሚኒዎቹን ቀየርን። ሸራውን በግራም በቀኝም ቀየርን፤ አንዱ ጎን አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪና ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ልጁ ጥቁሩን ብናኝ በአፉ ሊነፋው ሲል ከለከልኩት። አሮጌ ሸራ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው።

ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ማስወጣቱን ነው። ልጁ ጋቢና፣ እኔ ጎማው ሥር።

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ!»

«ያዝ! እንዳትለቅ!»

የካሊፐሩን መተንፈሻ እከፍታለሁ፤ ከቧንቧው ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል፤ እዘጋለሁ፤ «ልቀቅ» እላለሁ። ደግመን ደጋግመን፣ አረፋው እስኪጠፋ። እያንዳንዷን ትእዛዝ ጮክ ብሎ ይመልስልኝ ነበር። አንድም ጊዜ ቀድሞ አልለቀቀም። አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ፍጥነት እየጨመርኩ፣ ሳልቆም ቀስ እያልኩ ደጋግሜ ያዝኳት፤ አዲስ ሸራ ከዲስክ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረድን። ከታች ዓባይ ይታያል። መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ።

እቤት እንደገባሁ አክስቴ ጋ ደወልኩ። አቧራ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ያን ጊዜም አቧራ እንዳልሆነ እንደጠረጠርኩ ነገርኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

«ልጆቹ እኮ ከኋላ ነበሩ» አሉ።

«አዎ እቴቴ» አልኳቸው።