«እሳት አይነካውም» የተባለ ዕቃ

«ይሄ ፓነል እሳት አይነካውም፤ ክላስ ኤ ነው፣ ሰርተፊኬትም አለው» የሚል ሻጭ ብዙውን ጊዜ አልዋሸም። ክላስ ኤ እሳት ላዩ ላይ ብዙም ለማይዛመትበት ዕቃ የሚሰጥ ደረጃ ነው። ሰርተፊኬቱም ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የተፈተነው ፓነሉ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው የተለጠፈበት ሰሌዳ ነበር፣ ማጣበቂያ ነበር፣ ውፍረቱ ተለክቷል፣ በመሃል ክፍተት ነበረው ወይም አልነበረውም። ክላስ ኤ የተባለው ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተገጥሞ ነው። ሳይት ላይ ከእነዚህ አንዱ ሲቀየር ያ ወረቀት የሌላ ግድግዳ ወረቀት ይሆናል። በውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎች ይለዩ። አንዱ «ይህ ዕቃ እሳት ሲያገኘው እሳቱን ምን ያህል ያባብሰዋል?» የሚል ነው። ሌላው «ይህ ግድግዳ እሳቱን ወዲያ ማዶ ሳያሳልፍ ስንት ደቂቃ ይይዘዋል?» ነው። ስስ የብረት ላሜራ አይነድም፤ ሙቀቱን ግን ወዲያው ወደ ጀርባው ስለሚያሳልፍ እዚያ የተደገፈ ካርቶን በእሳት ይያያዛል። ወፍራም የእንጨት በር ደግሞ ራሱ ይነዳል፤ ሆኖም በዝግታ እየከሰለ ስለሚሄድ ግማሽ ሰዓት ያህል እሳቱን ሊያግድ ይችላል። ላሜራው የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል፣ በሩ ሁለተኛውን። ስለዚህ ለኮርኒስ ማልበሻ «የ60 ደቂቃ» የሚል ወረቀት፣ ለመውጫ ደረጃ ግድግዳ ደግሞ «ክላስ ኤ» የሚል ወረቀት ከቀረበላችሁ አንዱም የተጠየቀውን አልመለሰም።

በአሜሪካ ኮድ በሚመሩ ሥራዎች ላይ የሚገኘው ክላስ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚወጣው ኤኤስቲኤም ኢ84 ከተባለው የዋሻ ሙከራ ነው። 7.6 ሜትር የሚረዝም ጠባብ ዋሻ ነው። ናሙናው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ እንደ ኮርኒስ ከላይ ይገጠማል። በአንደኛው ጫፍ ሁለት የጋዝ ማንደጃዎች ይለኮሳሉ፤ በደቂቃ 73 ሜትር የሚጓዝ አየር ነበልባሉን ወደ ሌላው ጫፍ ይገፋዋል፤ ለ10 ደቂቃ እሳቱ የት እንደደረሰ በጎን መስኮቶች ይታያል። ማነጻጸሪያው ቀይ የኦክ እንጨት ነው። ኦኩ በ5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበልባሉን ከዳር ያደርሰዋል፣ ለእሳቱ መዛመት የሚሰጠው ቁጥርም 100 ነው። የሲሚንቶ ፋይበር ሰሌዳ 0 ነው። እስከ 25 ያገኘ ክላስ ኤ፣ ከ26 እስከ 75 ቢ፣ ከ76 እስከ 200 ሲ ይባላል። 200 የኦክ እንጨት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ጭስን በተመለከተ ሦስቱም ክላሶች እስከ 450 ድረስ ስለሚፈቀድላቸው ክላስ ኤ ሆኖ ጭሱ የበዛ ዕቃ ሊኖር ይችላል። የጭሱን ቁጥር ለብቻው ጠይቁ።

ይህ ሙከራ ለእንጨትና ለጂፕሰም ጥሩ ነው። የሚቀልጥ ፕላስቲክ ላይ ግን ያሳስታል። ፖሊፕሮፒሊን ወይም አንዳንድ ፎም ከዋሻው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሙቀት ሲያገኘው ቀልጦ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከላይ የሚነድ ነገር ስለማይቀር እሳቱ ሩቅ አልሄደም ይባልና ዝቅተኛ ቁጥር ይመዘገባል። እውነተኛ ክፍል ውስጥ ግን ያ የቀለጠው ነገር ወለሉ ላይ ተጠራቅሞ እየነደደ ግድግዳውን ከሥሩ ይልሰዋል። የመጸዳጃ ቤት መከፋፈያ የሚሠራበትን ወፍራም ፖሊኢትሊን አስቡት። አይቢሲ የተባለው የሕንፃ ኮድ ይህን ዕቃና ፖሊፕሮፒሊንን በዋሻው ውጤት ብቻ አይቀበልም፤ በክፍል ጥግ ሙከራ እንዲያልፉ ያስገድዳል።

የክፍል ጥግ ሙከራው ኤንኤፍፒኤ (የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር) ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 286 ነው፤ እኔም ከዋሻው ይልቅ እሱን አምናለሁ። ወለሉ 2.4 በ3.7 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ አንድ በር ያለው ክፍል ይሠራል፤ ዕቃው ግድግዳውና ኮርኒሱ ላይ ሥራ ላይ እንደሚገጠመው ይገጠማል። ጥጉ ላይ የጋዝ ማንደጃ ተቀምጦ ለ5 ደቂቃ 40 ኪሎ ዋት፣ ቀጥሎ ለ10 ደቂቃ 160 ኪሎ ዋት ይለቃል። በ40 ኪሎ ዋቱ ጊዜ ነበልባሉ እየተስፋፋ ኮርኒስ መድረስ የለበትም። ክፍሉ ሁሉ በአንዴ እስከሚቀጣጠልበት ደረጃ መድረስ የለበትም፤ የሚለቀቀው ሙቀት በየትኛውም ቅጽበት ከ800 ኪሎ ዋት፣ ጠቅላላ ጭሱም (ብርሃን በሚጋርደው ስፋት ይለካል) ከ1000 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጥግ የተመረጠበት ምክንያት አለው፦ ሁለቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ሙቀት ይወራወራሉ፣ ነበልባሉም ከሁለት ወገን አየር ስለማያገኝ የሚነድበትን አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይረዝማል። መሃል ግድግዳ ላይ የማይዛመት እሳት ጥግ ላይ ይዛመታል።

የአውሮፓው አመዳደብ ኢኤን 13501-1 ሌላ ቋንቋ ነው። «ቢ-ኤስ1፣ ዲ0» የሚል ካያችሁ የፊተኛው ፊደል ዕቃው ለእሳቱ የሚያዋጣውን ሙቀት፣ ኤስ ጭሱን ከ1 እስከ 3፣ ዲ ደግሞ እየነደደ የሚንጠባጠበውን ከ0 እስከ 2 ይናገራል። ዲ0 በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚነድ ጠብታ አልታየም ማለት ነው፤ ሰው ከሥሩ ለሚሸሽበት ኮርኒስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋናው ሙከራ 1.5 ሜትር ከፍታ ባላቸው፣ ከዕቃው በተሠሩ ሁለት ክንፎች ጥግ ላይ 30 ኪሎ ዋት የሚያነድ ነው። ሁለቱን አመዳደቦች ፊደል በፊደል ማመሳሰል አይቻልም። እሳት እንዲከላከል በኬሚካል የታከመ እንጨት በአሜሪካው ዋሻ ክላስ ኤ ሊያገኝ ይችላል፤ በአውሮፓው ግን ከቢ አያልፍም፣ ምክንያቱም ኤ1 እና ኤ2 ለመባል እንጨት ሊያልፈው የማይችለው የአለመንደድ ፈተና አለ። «ኤ ነው» ሲባል የማን ኤ?

ሪፖርቱን ስትይዙ የመጀመሪያውን ገጽ እለፉትና ናሙናው የተገለጸበትን ክፍል አንብቡ። የውፍረቱን ሚሊ ሜትር፣ ጥግግቱን፣ የተለጠፈበትን ሰሌዳ፣ የማጣበቂያውን ዓይነትና በካሬ ሜትር የተቀባውን ግራም ፈልጉ። ዎልፔፐር በሲሚንቶ ፋይበር ላይ ሲፈተን ሰሌዳው ሙቀቱን ከጀርባ እየሳበ ያቀዘቅዘዋል፤ ያው ዎልፔፐር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ላይ ቢለጠፍ የሚያቀዘቅዘው የለም። ሰሌዳው ራሱም ነዳጅ ነው። የእንጨት ማልበሻ በጣውላ ሬፕ (ግድግዳው ላይ በሚታሰር ቀጭን ጣውላ) ላይ ሲመታ ደግሞ ከኋላው የሚቀረው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ እሳቱን ይስበዋል። አይቢሲ ግድግዳው እሳት የሚቋቋም ወይም የማይነድ እንዲሆን በተጠየቀበት ቦታ ሬፑ ከ44 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር፣ ክፍተቱም በማይነድ ነገር እንዲሞላ ወይም ቢበዛ በየ2.4 ሜትሩ እንዲዘጋ የሚያዘው ለዚህ ነው።

እሳት ተከላካይ ቀለም ላይ የሚሠራው ስህተት በዓይን አይታይም፣ በሒሳብ ግን ይያዛል። ሪፖርቱ ለምሳሌ 300 ግራም በካሬ ሜትር ካለና ማልበሻው 120 ካሬ ሜትር ከሆነ ግድግዳው ላይ 36 ኪሎ ቀለም መግባት አለበት። ባዶ ጣሳዎቹን ሰብስቡና ቁጠሩ። 20 ኪሎ ብቻ ከወጣ ግድግዳው ያምራል እንጂ አልተጠበቀም። ከላዩ የሚቀባው ቫርኒሽም በሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ አትቀቡት፤ ቀለሙ ሲሞቅ እንዳያብጥ ሊያፍነው፣ ራሱም ሊነድ ይችላል።

ስለ ድምፅ ማፈኛ ፎም በግልጽ ልናገር፦ ያልተሸፈነ ተራ ፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ሰው በሚሰበሰብበት ክፍል ግድግዳና ኮርኒስ ላይ መለጠፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 በሮድ አይላንድ ዌስት ዋርዊክ በሚገኘው ዘ ስቴሽን የምሽት ክበብ መድረኩ ላይ የተለኮሰ ርችት እንዲህ ያለውን ፎም አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞተ። በጥር 2013 ብራዚል ሳንታ ማሪያ ውስጥ «ኪስ» በተባለ የምሽት ክበብ ያው ታሪክ ተደግሞ 242 ሰው አለቀ። በሁለቱም ቦታ ፎሙ የተለጠፈው ለድምፅ ሲባል ነው። አይቢሲ የፎም ፕላስቲክን ከክፍሉ ለመለየት 12.7 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ ወይም ተመጣጣኝ መከላከያ ይጠይቃል፤ ያለዚያ የሚፈቀደው በትልቅ መጠን የተፈተነና ያለፈ ዕቃ ብቻ ነው። ከተጠቀለለ ፎም ላይ የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ በክብሪት አለመያዟ ማስረጃ አይሆንም። ቁራጯ ስትሞቅ ከነበልባሉ ትሸሻለች፤ ሙሉ ግድግዳ ግን የሚሸሽበት የለውም።

አሁን ወደ ደቂቃው። እሳት የመቋቋም ሙከራ የሚደረገው ምድጃ ውስጥ ነው። አይኤስኦ 834 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ሙቀቱ በ5 ደቂቃ 576፣ በ30 ደቂቃ 842፣ በ60 ደቂቃ 945 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ግድግዳው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነበልባል የሚያሳልፍ ስንጥቅ ማውጣት የለበትም፤ የጀርባው ሙቀት ሲጀመር ከነበረው በአማካይ ከ140፣ በአንድ ነጥብ ደግሞ ከ180 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም።

ጂፕሰም ቦርድ ይህን የሚችለው በውስጡ ባለው ውሃ ነው። ጂፕሰም ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ ጋር የተሳሰረ ውሃ ነው። ካሬ ሜትሩ 10 ኪሎ የሚመዝን ቦርድ ወደ 2 ኪሎ ውሃ ይዟል ማለት ነው። እሳቱ ይህን ውሃ ወደ እንፋሎት እስኪለውጥ ድረስ የቦርዱ ጀርባ ከ100 ዲግሪ አካባቢ ብዙም አያልፍም። ውሃው ሲያልቅ ቦርዱ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ዓይነት ኤክስ የሚባለው ቦርድ ውስጥ ያለው የመስታወት ጭረት ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ የደረቀውን ጂፕሰም ይዞ ያቆየዋል። በየወገኑ አንድ 15.9 ሚሊ ሜትር ዓይነት ኤክስ የለበሰ ፓርቲሽን አንድ ሰዓት የሚሰጠውም ቦርዱን የሚሸከመው የብረት ፕሮፋይል ዓይነት፣ የብሎኑ ርቀትና የመገጣጠሚያው ስቱኮ እንደተፈተነው ሲሆን ነው። ብሎኑ ወረቀቱን በጥሶ ከገባ ቦርዱን የያዘው ነገር የለም፤ እሳት ሲመጣ ቀድሞ የሚወድቀው ያ ቦርድ ነው።

በፓርቲሽን አሠራር ከባዱ ስህተት ግን ግድግዳውን ተንጠልጣይ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ማስቆም ነው። እሳቱ ኮርኒሱን በስቶ ከላይ በኩል ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል፤ የ60 ደቂቃው ግድግዳ ከሥር ሳይነካ ይቀራል። ግድግዳው እስከ ሶሌታው (ከላይ ያለው የኮንክሪት ወለል) ድረስ መውጣት፣ ከሶሌታው ጋር የሚገናኝበትም ክፍተት በተፈተነ ማሸጊያ መዘጋት አለበት፣ ሶሌታው ሲጎብጥ እንዳይሰነጠቅ የሚንቀሳቀስ ዓይነት ተመርጦ።

የሶኬት ሣጥኖች ጀርባ ለጀርባ መግጠም ሌላው ነው። በአይቢሲ ደንብ በግድግዳው ግራና ቀኝ ያሉ የብረት ሣጥኖች ቢያንስ 610 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ ይለያሉ፤ በሣጥኑና በቦርዱ መካከል ያለው ክፍተትም ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በእጅ መጋዝ ተቀዶ በስቱኮ የተሸፈነ ትልቅ ቀዳዳ ይህን አያሟላም።

በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቱቦ እንደየዓይነቱ መታየት አለበት። የብረት ቱቦ ባለበት ይቆማል፤ ዙሪያውን ማሸግ ይበቃዋል፣ ሙቀት እንዳያሻግር መጠቅለያ ካልተጠየቀ በቀር። ፒቪሲ ግን ይቀልጣል፤ ዙሪያው የቱንም ያህል ቢታሸግ መሃሉ ክፍት ቀዳዳ ይሆናል። ለዚህ ነው ሲሞቅ የሚያብጥ ነገር የያዘ ኮላር የሚታሰርበት፤ ቱቦው ሲለሰልስ አብጦ ጨምቆ ይዘጋዋል። በፓርቲሽን ላይ ኮላር በሁለቱም ወገን ይገጠማል፣ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅምና። ኮላሩ በፕላስቲክ ፊሸር ከታሰረ ፊሸሩ ቀልጦ ኮላሩ ይወድቃል፤ በብረት ማሰሪያ ይታሰር። የኬብል እቅፍ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ብቻ መቀባት በቂ አይደለም፤ በኬብሎቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ጭሱን ያሳልፋል፣ ስለዚህ ኬብሎቹ ተፈተው በየመሃላቸው ሲላንት (የተፈተነ ማሸጊያ) ይገባል። ከጣሳ የሚነፋ ተራ ፎም የትኛውንም አይተካም። «እሳት ተከላካይ» የተባለው ፎምም ብዙ ጊዜ የተፈተነው ለተወሰነ ስፋት ላለው ቀጥ ያለ መገጣጠሚያ ነው፤ ቱቦና ኬብል ላይ ከመነፋቱ በፊት ሪፖርቱ ይነበብ።

በሩን በአጭሩ፦ ለእንጨት የእሳት በር በኤንኤፍፒኤ 80 መሠረት በጎንና በላይ ያለው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከሥር ደግሞ ቢበዛ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ራሱን ችሎ ተዘግቶ መቀርቀሪያው መግባት አለበት። ዳሩ ተልጎ የጠበበ፣ ተጨማሪ ቁልፍ የተቀደደበት ወይም መለያ ሳህኑ በቀለም የተሸፈነ በር የተፈተነው በር መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን የቱቦና የኬብል መተላለፊያ በሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቁጥር ስጡት፣ የተጠቀማችሁበትን ሲላንት ወይም ኮላር ስም ከነሪፖርት ቁጥሩ ጻፉበት። ከዓመት በኋላ አዲስ ኬብል የሚያሳልፈው ባለሙያ የትኛውን ቀዳዳ ከፍቶ በምን እንደሚዘጋው የሚያውቀው ከዚያ መዝገብ ነው።