የሲንጋቶካ አሸዋ

ፊጂ፣ ናንዲ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ የመጀመሪያው ቃል «ቡላ!» ነው። ሰላምታቸው ነው፤ ፖሊሱም፣ ባለታክሲውም፣ መንገድ የሚሻገረው ሕፃንም ይልሃል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ትዝ የሚለኝ እናቴ የምታገነፋው የቡላ ገንፎ ነበር።

ፊጂ የሄድኩት ለባሕሩ ብዬ አይደለም። ከምኖርባት ሜልቦርን አምስት ሰዓት ያህል በርሬ የመጣሁት፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ የደሴቶች አገር ኳስ በእጅ ይዘው በሚሮጡበት በሰቨንስ ራግቢ ዓለምን እንዴት እንደምትረታ ለማየት ነው። ከናንዲ መስኮቱ መስታወት በሌለው አውቶቡስ፣ በሸንኮራ አገዳ ማሳ መሀል ሲንጋቶካ ደረስኩ። የአሸዋ ኮረብታዎቹ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። እንግሊዛዊው አሰልጣኝ ቤን ራያን ቡድኑን ለሪዮ ኦሎምፒክ ሲያዘጋጅ ሽቅብ ያስሮጠው እዚህ ነው።

እኔም የሯጮች አገር ልጅ ነኝና ጫማዬን አውልቄ ተነሣሁ። አሸዋው አንድ እርምጃ ስትወጣ ግማሹን ይመልስሃል። ብዙም ሳልርቅ ጭኔ ተቃጠለ፤ ቀሪውን በእጄም በጉልበቴም ዳኽኩት። እንጦጦ ቢያንስ መሬቱ አይከዳህም። ሦስት ልጆች በባዶ እግራቸው እየሮጡ አለፉኝ፤ አንዱ ዞር ብሎ «ቡላ!» አለኝ። የምመልስበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ሰቨንስ በየወገኑ ሰባት ሰው ነው፤ ሜዳው ግን የአሥራ አምስቱ ራግቢ ሙሉ ሜዳ ነው። አንዱ አጋማሽ ሰባት ደቂቃ ብቻ። ሰው ጥቂት፣ ቦታ ሰፊ፤ ስለዚህ ጉልበተኛ ብቻ መሆን አያዋጣም። ፊጂዎቹ የሚታወቁት ተይዘው ሊወድቁ ሲሉ ኳሷን ለጓደኛ በማሾለክ ነው። አመሻሹ ላይ የመንደር ልጆች ይህንኑ በባዶ የውሃ ጠርሙስ ሲያደርጉት አየሁ። በሪዮም በቶኪዮም ወርቅ ያጠለቀው ጄሪ ቱዋይም በዋና ከተማዋ ሱቫ ዳርቻ ላይ በልጅነቱ በጠርሙስ ይጫወት ነበር።

ማታ ያረፍኩበት ቤት አባወራ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ያንጎና ቀዱልኝ። የተክል ሥር ተወቅጦ በውሃ የሚበጠበጥ መጠጥ ነው፤ መልኩ የጭቃ ውሃ፣ ምላስ ያደነዝዛል። በኮኮናት ቅል ይሰጥሃል፤ ከመቀበልህ በፊት አንዴ፣ ከጨለጥክ በኋላ ሦስቴ ታጨበጭባለህ።

የ2008 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2016) ነገር ከአፋቸው አይወርድም። በየካቲት ዊንስተን የተባለው አውሎ ነፋስ 44 ሰው ገድሎ መንደሮችን ጠራርጎ ነበር። በነሐሴ ሪዮ ላይ ታላቋ ብሪታንያን 43 ለ 7 አሸነፉ፤ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ። አዛውንቱ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ገጾች መሀል የ7 ዶላር ኖት አውጥተው አሳዩኝ፤ የአምበሉ የኦሴአ ኮሊኒሳው ምስል አለበት። ለድሉ መታሰቢያ የታተመ ነው። አልነካሁትም፣ እንድነካውም አልሰጡኝም።

«እኛም በማግስቱ በአልማዝ አያና በ10,000 ሜትር አገኘን፤ የዚያ ኦሎምፒክ ብቸኛ ወርቃችን» አልኳቸው።

«እኩል ነን በለኛ!»

ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ሁለታችንም ኦሎምፒክ የጀመርነው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። እኛ አበበን ለማግኘት አራት ዓመት ጠበቅን፤ እነሱ ስድሳ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንደሮጠ ስነግራቸው ቅሉን አስቀመጡ። «ማራቶኑን? ሙሉውን?» ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ ልጆቹን ጠርተው እንደገና አስነገሩኝ።

ባለቤታቸው ከጓዳ «ሴቶቹንስ ለምን አትነግረውም?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቶኪዮ ላይ ወንዶቹ ኒውዚላንድን 27 ለ 12 ረትተው ወርቁን ሲደግሙ፣ ሴቶቹ ነሐስ ይዘው ተመልሰዋል።

እኔም ሞኝ ሆኜ ስለ ፓሪስ ጠየቅኩ። ፍጻሜውን በፈረንሳይ 28 ለ 7 ተሸንፈው ብር የወሰዱበት፣ ያውም አሰልጣኙ ያው ኮሊኒሳው። አዛውንቱ ዝም አሉ። ቅሌን ተቀብለው እስከ አፉ ሞሉት፤ አቀበሉኝና እንዳጨበጭብ ጠበቁ።