ከሶፋ ወደ በርጩማ

ኮንዶሚኒየም ቤቴን ሳደራጅ መጀመሪያ የገዛሁት፣ እንደ ብዙው ሰው፣ በኤል ቅርጽ የተሠራ ትልቅ ሶፋ ነበር፤ ጠባቧን ሳሎን ከሞላት በኋላ ግን ወደ በረንዳ ለመውጣት እንኳ በጎን መሹለክ ግድ ሆነብኝ። እሱን ሸጬ በሁለት ቀጫጭን ወንበሮች ተካሁት።

ከዚያ ወዲህ ካገኘኋቸው ዕቃዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ያለ ሙጫና ያለ ምስማር ተፈልፍሎ የተሠራውን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ሲሆን፣ እግሩ ሦስት ብቻ በመሆኑ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። (ባለአራት እግሩ የቡና ጠረጴዛዬ ግን እስከ ዛሬ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ነው የሚቆመው።) ሲገለብጡት የመሮው ዱካ በግልጽ ይታያል፤ ሻጩ ቫርኒሽ ልቀባልህ ሲለኝ እምቢ ያልኩትም ይህ እንዳይጠፋብኝ ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ የሚመች እንጨት ቢሆንም በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ በኋላ ላይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ገዢው ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በጣቱ ዳሶ ቢያይ ይሻለዋል።

ከበርጩማው በላይ፣ በባዶው ግድግዳ ላይ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ጥቁር የመንዝ ባና ሰቅያለሁ። እናቴ ግን አልጋ ላይ ነበር የሚያምረው ትላለች።